የካቶሊክ ትምህርት ቤትን ጥራት ከኋላ ወንበር ማየት

ልጃቸውን ትምህርት ቤት ሊያስገቡ የሚዘጋጁ ወዳጆቼ አንድ ጥያቄ ደጋግመው ያነሱብኛል። «ካቶሊክ ትምህርት ቤት ጥሩ ነው አይደል?» ይሉኛል። መልሱን ይዘው ነው የሚመጡት። ንጹሕ ግቢ፣ በሰልፍ የሚገባ ተማሪ፣ የተተኮሰ ዩኒፎርም፣ ቆፍጠን ያለች ሲስተር። ይህ ሥዕል በብዙዎቻችን ልብ ውስጥ አለ። እኔ ደግሞ «እንደ ትምህርት ቤቱ ነው» እላቸዋለሁ። መልሴ አያረካቸውም። ስለዚህ ዛሬ ሰፋ አድርጌ ልጻፈው።

ልጆቼ የሚማሩት ካቶሊክ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። እኔም የተማርኩት እንዲህ ዓይነት ትምህርት ቤት ነው። ቤተ ክርስቲያኒቱ በትምህርት የሠራችውን ሥራ እወደዋለሁ። ከልቤ ነው የምወደው። ስሙን ተሸክሞ ሥራውን የረሳ ትምህርት ቤት ሳይ የሚያንገበግበኝም ለዚህ ነው።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። የአንድ ካቶሊክ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ጥራት አንደኛ በሚወጣው ልጅ አይለካም። ያ ልጅ ሌላ ቦታ ቢገባም ጎበዝ መሆኑ አይቀርም። ጥራቱ የሚታየው ሁለተኛ ክፍል ደርሶ ማንበብ ያቃተው ልጅ ላይ ነው። እሱን ምን አደረጉት? አስተዋሉት? ወይስ ከኋላ ወንበር አስቀምጠው ዓመቱን አሳለፉት? እኔ ዝም ብዬ የመረጥኩት መለኪያ አይደለም። እነዚህ ትምህርት ቤቶች ድሮ ሲጀመሩ የተጀመሩት ለዚህ ልጅ ነው።

ዮሴፍ ካላሳንዝ የሚባል ስፔናዊ ካህን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1597 ሮም ውስጥ፣ ትራስቴቬሬ በተባለው የድሆች ሰፈር፣ በቅድስት ዶሮቴያ ቁምስና (አጥቢያ) ትምህርት ቤት ጀመረ። የቁምስናው ካህን የሰጠው ሁለት ክፍል ብቻ ነበር። በዚያ ዘመን አብዛኛው ትምህርት በክፍያ ነው። መክፈል የማይችል ቤተሰብ ልጅ ጎዳና ላይ ይውላል። ካላሳንዝ ክፍያውን አስቀረው። ማንበብ፣ መጻፍና ሒሳብ በነጻ ማስተማር ጀመረ። የአይሁድ ልጆችንም ይቀበል ነበር።

ከእሱ በኋላ የመጣው ፈረንሳዊው ዣን ባቲስት ደ ላሳል ግን ለእኔ ልዩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1651 ሬምስ ከተማ ከሀብታም ቤተሰብ ተወለደ። በከተማው ካቴድራል ክብርም ገቢም ያለው ሹመት ነበረው። የድሃ ልጆች ትምህርት ቤቶችን መርዳት ሲጀምር ዋናው ችግር ሕንፃ እንዳልሆነ ተረዳ። ችግሩ አስተማሪው ነበር። አስተማሪዎቹ ሥልጠና የላቸውም፣ ክፍያቸው ትንሽ ነው፣ ሌላ ሥራ ሲያገኙ ጥለው ይሄዳሉ። እ.ኤ.አ. በ1681 አስተማሪዎቹን ወደ ራሱ ቤት አስገባቸው። አብሯቸው ይበላ ጀመር። ዘመዶቹ በጣም ተቆጡ፤ በእነሱ ዓይን ተራ አስተማሪ ከእነሱ ጋር በአንድ ማዕድ መቅረብ የለበትም። እሱ ግን አልተመለሰም። ሹመቱን ለቀቀ። ረሀብ ሲገባም ሀብቱን ለድሆች አከፋፈለ።

ከዚያ ወደ ክፍል ውስጥ ገባ። በጊዜው ልጆች ማንበብ የሚጀምሩት በላቲን ነበር። የማይገባቸውን ቃል እየጮኹ ይደግማሉ። ደ ላሳል መጀመሪያ በሚናገሩት ቋንቋ፣ በፈረንሳይኛ እንዲያነቡ አደረገ። በብዙ ትምህርት ቤቶች አስተማሪው አንድ ልጅ ጠርቶ ሲያስነብብ ሌሎቹ ዝም ብለው ይቀመጡ ነበር። የእሱ አስተማሪዎች ልጆቹን በደረጃ ከፋፍለው ሁሉንም በአንድ ጊዜ ማስተማር ለመዱ። ልጅ ሲቀር ለምን እንደቀረ ይጠየቃል፤ ምክንያቱም ይመረመራል። አንድ ልጅ የሚቀረው በራሱ፣ በወላጁ ወይም በአስተማሪው ምክንያት ሊሆን እንደሚችል ያስቡ ነበር። «በአስተማሪው ምክንያት» የሚለውን ልብ በሉልኝ። ከ300 ዓመት በፊት አንድ ትምህርት ቤት፣ ልጁ የጠፋው እኛ ጋ ያለው ነገር አስጠልቶት ይሆን ብሎ ራሱን ይጠይቅ ነበር። ቤተ ክርስቲያኒቱ ደ ላሳልን እ.ኤ.አ. በ1900 ቅዱስ ብላ ሰየመችው። በ1950 ደግሞ የአስተማሪዎች ጠባቂ አደረገችው።

ይህ ሁሉ ለእኔ የታሪክ ወሬ ሆኖ ሊቀር ይችል ነበር፤ ነገሩ ቤቴ ድረስ ባይመጣ።

ትንሹ ልጄ አንደኛ ክፍል እያለ የንባብ መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር ያነብልን ነበር። ገጹን ይገልጣል፣ ጣቱን በመስመሩ ላይ ያስኬዳል፣ ያነባል። ካርዱም ጥሩ ነበር። ሁለተኛ ክፍል ሲገባ አዲሷ አስተማሪው አስጠራችኝ። «ልጅዎ አያነብም» አለችኝ። መጀመሪያ አልገባኝም። በየቀኑ ሲያነብ የምሰማውን ልጅ ነው እንዴ አያነብም የምትለኝ?

ከዚያ አሳየችኝ። ከመጽሐፉ ውስጥ የሚያውቃቸውን ቃላት በትናንሽ ወረቀት ላይ ጽፋ ቀላቀለቻቸው። ልጄ አንዱንም ማንበብ አልቻለም። ሥዕል የሌለው፣ አይቶት የማያውቅ አጭር ጽሑፍ ሰጠችው። የመጀመሪያውን ፊደል አይቶ ቃሉን መገመት ጀመረ። «ይሸመድዳል» አለችኝ በቀስታ። «ጭንቅላቱ የሰማውን ስለሚይዝለት ነው እስካሁን ያልታወቀው። ልጁ ሰነፍ አይደለም።»

ይህቺ አስተማሪ ያደረገችውን በዝርዝር ልንገራችሁ፤ ጥራት የምለው እሱን ነውና። በክፍሉ ውስጥ እንደ ልጄ ያሉ ሌሎችም ነበሩ። ለይታ አወጣቻቸው፤ ግን ስም አልሰጠቻቸውም፤ ከሌሎቹ ፊትም አላሳፈረቻቸውም። ሌላው ክፍል የጽሕፈት ሥራ ሲይዝ እነሱን ወደ ጠረጴዛዋ ትጠራቸዋለች። ከፊደልና ድምፅ ትጀምራለች። ሁለት ድምፅ ማጣመር፣ ከዚያ ሦስት፣ ከዚያ አጭር ቃል። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ። ለእኛ ለወላጆች ደግሞ አንድ ነገር ከለከለችን። ገጹን ቀድመን አንብበንለት «በል ድገም» እንዳንለው። ራሱ ይታገል አለች። ሲሳሳት ቃሉን አትንገሩት፣ ድምፁን አስታውሱት አለች።

ወራት ወሰደ። አንድ ቀን መንገድ ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ ፊደል በፊደል ሲያነብ ሰማሁት። ማንም ያነበበለት ጽሑፍ አልነበረም። ደስታዬን እንዴት ልግለጸው!

በኋላ ነገሩን ሳነብ፣ የአስተማሪዋ አሠራር በጥናት የተደገፈ መሆኑን አየሁ። እ.ኤ.አ. በ2000 አሜሪካ ውስጥ የንባብ ጥናቶችን የገመገመ ብሔራዊ ቡድን፣ የፊደልና የድምፅን ግንኙነት በቅደም ተከተል ማስተማር ጀማሪ አንባቢዎችን እንደሚረዳ አሳይቷል። እንግሊዝ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ በዕድሜ ስድስት ገደማ ያሉ ልጆችን በአጭር ፈተና ትፈትሻለች። ልጁ 40 ቃላት ያነባል። ከእነዚህ ውስጥ 20ዎቹ ምንም ትርጉም የሌላቸው፣ ለፈተናው ሲባል የተፈጠሩ ናቸው። ለምን ቢባል፣ የሌለ ቃል አይሸመደድም። ልጁ ወይ ፊደሉን ወደ ድምፅ ይቀይራል፣ ወይ አይቀይርም። የልጄ አስተማሪ በትናንሽ ወረቀቶቿ የሠራችው ይህንኑ ነው።

ከዚህ ታሪክ ውስጥ ግን የሚከብደኝ ክፍል አለ። የአንደኛ ክፍሉ ካርድ የመጣውም ከዚያው ትምህርት ቤት ነው። ያው ግቢ፣ ያው ጸሎት፣ ያው ዩኒፎርም። ልጄን ያወጣችው አንዲት ንቁ አስተማሪ ነች። እሷ ሌላ ክፍል ብትመደብስ? ጥራት በዕድል የሚገኝ ከሆነ የትምህርት ቤቱ ጥራት ነው ለማለት ይከብዳል። ደግነቱ ዳይሬክተሯ ነገሩን ሰምተው ዝም አላሉም። አሁን በታችኛዎቹ ክፍሎች እያንዳንዱ ልጅ አይቶት የማያውቀውን ጽሑፍ፣ ከክፍሉ አስተማሪ ሌላ ለሆነ ሰው፣ ብቻውን ያነባል። ይህ አሠራር ከተጀመረ በኋላ ነው ትምህርት ቤቱን በሙሉ አፌ ማመስገን የጀመርኩት።

የቤተ ክርስቲያኒቱ የራሷ ሕግም ከዚህ ያነሰ አይጠይቅም። እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው ሕገ ቀኖና በቁጥር 806 ላይ ለካቶሊክ ትምህርት ቤት ኃላፊዎች ግዴታ ያስቀምጣል። በትምህርት ቤታቸው የሚሰጠው ትምህርት በአካባቢው ካሉ ሌሎች ትምህርት ቤቶች ቢያንስ የማያንስ እንዲሆን መጠንቀቅ አለባቸው። የሀገረ ስብከቱ ጳጳስም ይህንን መከታተል አለበት። ብዙ ወላጆች ይህን አያውቁም። ሒሳብ በደንብ አለመማር ወይም ማንበብ አለመቻል «እዚህ ዋናው ሥነ ምግባሩ ነው» ተብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም። በሕጉ ውስጥ እንዲህ የሚል ቦታ የለም። በደንብ ማስተማር ራሱ የሃይማኖቱ ግዴታ ነው።

አሁን ወደ ስሙ ልመለስ። «ካቶሊክ» የሚለው ስም ብቻውን ውጤት ያመጣል? ጄምስ ኮልማን የተባለው የሶሲዮሎጂ ምሁር ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1982 ባሳተመው ጥናት፣ በአሜሪካ ካቶሊክ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሚማሩ ልጆች ከመንግሥት ትምህርት ቤት እኩዮቻቸው የተሻለ ውጤት እንዳላቸው ጻፈ። ትልቅ ክርክር ተነሣ። ብዙ ሰው እስከ ዛሬ የሚጠቅሰው እሱን ነው። ግን ያ ስለ ሁለተኛ ደረጃ ነው። ቶድ ኤልደርና ክሪስቶፈር ጄፕሰን እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጡት ጥናት የመጀመሪያ ደረጃን ለይቶ ተመለከተ። እነሱም በካቶሊክ ትምህርት ቤት ያሉ ልጆች ከፍ ያለ ውጤት እንዳላቸው አዩ። ነገር ግን ልጆቹ ሲገቡ የነበራቸው ደረጃና የቤተሰባቸው ሁኔታ ሲታሰብ ብልጫው ጠፋ። በሒሳብ እንዲያውም ዝቅ ያለ ሆኖ ተገኘ።

ይህንን ሳነብ አዘንኩ እንጂ አልተገረምኩም። መግቢያው ላይ መርጦ የሚያስገባ ትምህርት ቤት ውጤቱ ቢያምር ምን ይደንቃል? ልጁን ሲቀበለው የት ነበር፣ ሲሸኘው የት አደረሰው? ካርድ ላይ የማይጻፈው ይህ ነው።

መምረጥ ካልኩ አይቀር ስለ መግቢያ ፈተና ልናገር፤ ሆዴ ውስጥ የቆየ ነገር ነው። ትልቁን ልጄን መጀመሪያ የወሰድኩት በስሙ ወደሚታወቅ ሌላ ካቶሊክ ትምህርት ቤት ነበር። ገና ትምህርት ያልጀመረ ልጅ ቁጭ አድርገው ጠየቁት። ፊደል፣ ቁጥር፣ ቀለም። ልጁ አይናፋር ነው፤ ዝም አለ። አልተቀበሉትም። ምክንያት የነገረኝም የለም። ያኔ የታየኝ የካላሳንዝ ሁለት ክፍል ነበር። እዚያ የመጣ ልጅ ተፈትኖ ቢሆን ኖሮ ስንቱ ይገባ ነበር?

የዓለም ካቶሊክ ጳጳሳት የተሰበሰቡበት ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1965 ስለ ትምህርት ባወጣው መግለጫ፣ የካቶሊክ ትምህርት ቤት ለእነማን በተለይ ማሰብ እንዳለበት ይናገራል። ለድሆች፣ የቤተሰብ እርዳታና ፍቅር ለሌላቸው፣ እምነቱን ለማይጋሩ። የቫቲካን የትምህርት ጽሕፈት ቤት በ1977 ደግሞ ነገሩን አጠንክሮ አስጠነቀቀ። ትምህርት ቤቶቹ በዋናነት ለባለጸጎች ልጆች ካገለገሉ፣ የባለጸጎቹን የበላይነት እያጸኑ ሊሆን ይችላል አለ። ይህን የጻፈ ተቃዋሚ አይደለም፤ ራሷ ቤተ ክርስቲያኒቱ ናት። አየርላንድን እንውሰድ። ከ10 የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች 9ኙ ገደማ በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ጥላ ሥር ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣ ሕግ፣ ቦታ ሲጠብ የተጠመቀውን ማስቀደም በእነዚህ ትምህርት ቤቶች እንዲቀር ተደርጓል። ሕግ አስገድዶ ከሚያስተምረን ራሳችን ብንጀምረው እመርጥ ነበር።

ገንዘብ እንደሚያስፈልግ ይገባኛል። እንዲያውም እዚህ ላይ ለትምህርት ቤቶቹ መከራከር እፈልጋለሁ። ድሮ የምናደንቀው ጥራት በአብዛኛው በደናግሉ ትከሻ ላይ የቆመ ነበር። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ በካቶሊክ ትምህርት ቤት ከሚያስተምሩት የሚበዙት ገዳማውያን ነበሩ። ዛሬ ከመቶ 95 በላይ የሚሆኑት ምእመናን ናቸው። ሲስተሮቹ ቤት ኪራይ አይከፍሉም፤ ልጅ አያሳድጉም። ዛሬ የሚያስተምረው ሰው ግን ይከፍላል፤ ያሳድጋል። ደሞዙ ካልበቃው የተሻለ ሲያገኝ ይሄዳል። ደ ላሳል ያየው ችግር ተመልሶ መጥቷል ማለት ነው። ስለዚህ ትምህርት ቤቱ ያለውን ገንዘብ የት እንደሚያውል አያለሁ። በሩ በእብነ በረድ ሲሠራ የአንደኛ ክፍል አስተማሪ በየዓመቱ የሚቀየር ከሆነ፣ ገንዘቡ የሄደው ወደተሳሳተ ቦታ ነው።

ስለ ሥርዓትም እንነጋገር። ብዙ ወላጅ ካቶሊክ ትምህርት ቤትን የሚመርጠው ለዲሲፕሊኑ ነው። ጸጥታ ግን ሁለት ዓይነት ነው። ልጅ ሥራ ይዞ ዝም ይላል። ልጅ ፈርቶም ዝም ይላል። ከውጭ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ። ካናዳ ውስጥ ብዙዎቹ በካቶሊክ ማኅበራት ይመሩ በነበሩ የነባር ሕዝቦች አዳሪ ትምህርት ቤቶች ልጆች ከወላጆቻቸው ተነጥለው ብዙ ግፍ ደርሶባቸዋል። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2022 እዚያው ሄደው ይቅርታ ጠይቀዋል። እነዚያም ትምህርት ቤቶች ሰልፍና ዩኒፎርም ነበራቸው። ስለዚህ «ሥርዓት አለው» ሲሉኝ፣ ልጅ ሲበደል ለማን ነው የሚናገረው ብዬ እጠይቃለሁ።

ደግሞ ሌላ መንገድ አለ፤ ከዚያው ከቤተ ክርስቲያኒቱ የወጣ። ጣሊያናዊው ካህን ዶን ቦስኮ ቱሪን ከተማ ውስጥ የጎዳና ልጆችን ሲያስተምር፣ ልጅ ካጠፋ በኋላ ከመቅጣት እንዳያጠፋ አብሮት መሆን ይሻላል ብሎ አመነ። እ.ኤ.አ. በ1884 ከሮም በላከው ደብዳቤ ያዘነው አስተማሪዎቹ በእረፍት ሰዓት ከልጆቹ ጋር መሆን በመተዋቸው ነበር። ልጆች መወደዳቸው ብቻ አይበቃም፤ መወደዳቸውን ራሳቸው ማወቅ አለባቸው አለ። ትምህርት ቤት ስጎበኝ የእረፍት ሰዓትን የምመርጠው ለዚህ ነው። አስተማሪዎቹ የት ናቸው? ልጅ ወደ እነሱ እየሮጠ ይመጣል ወይስ ሲያያቸው ይሸሻል? ከቢሮ ማብራሪያ ይልቅ ይህ ብዙ ይነግረኛል።

ስለ ሃይማኖት ትምህርቱ ብዙ የምለው የለኝም። ጃፓንና ታይላንድን በመሳሰሉ አገሮች በካቶሊክ ትምህርት ቤት ከሚማሩት አብዛኞቹ ካቶሊክ አይደሉም። ማንም ሰው ያለ ፈቃዱ እምነቱን እንዲቀበል መገደድ እንደሌለበት ሕገ ቀኖናው ራሱ ይላል። እኔን የሚያስጨንቀኝ ጥያቄና መልሱ ተሸምድዶ በፈተና ሲጠየቅ ነው። ልጁ «እግዚአብሔር ሁሉን ይወዳል» ብሎ ጽፎ አሥር ከአሥር ያገኛል። ከዚያ እዚያው ክፍል ውስጥ ማንበብ ያቃተው ጓደኛው ሲሳቅበት ያያል። የትኛውን ትምህርት ይዞ ወደ ቤት ይሄዳል?

ጣሊያናዊው ካህን ሎሬንዞ ሚላኒ ይህን ጥያቄ እስከ ጫፍ ወስዶታል። እ.ኤ.አ. በ1954 ከፍሎረንስ በስተሰሜን ባርቢያና ወደተባለች ትንሽ የተራራ መንደር ተላከ። የገበሬዎችን ልጆች ሰብስቦ ቀኑን ሙሉ አስተማረ። ሥራው አንድ ነበር፤ ቋንቋን መስጠት። ቃላት የሌለው ድሃ መብቱን አይጠይቅም ብሎ ያምን ነበር። በ1967 ተማሪዎቹ በጋራ የጻፉት ደብዳቤ ትምህርት ቤቶች የድሃውን ልጅ እየጣሉ ጎበዙን ብቻ እንደሚይዙ ከሰሰ። በዚያው ዓመት ሚላኒ አረፈ። በዘመኑ አለቆቹ አልወደዱትም ነበር። ከ50 ዓመት በኋላ፣ በ2017፣ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ መቃብሩ ድረስ ሄደው ጸለዩ።

በሚቀጥለው የወላጆች ስብሰባ ላይ አንድ ሐሳብ ይዤ እገባለሁ። በዓመቱ መጨረሻ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የወጡት ይሸለሙ፤ ግድ የለም። ግን ዳይሬክተሯ አንድ ቁጥር ጨምረው ይንገሩን። ሁለተኛ ክፍልን ከጨረሱት ውስጥ አይተውት የማያውቁትን ጽሑፍ አንብበው የሚረዱት ስንት ናቸው? ያልቻሉትን በረጅሙ እረፍት ማን ያስተምራቸዋል? የልጅ ስም አይጠራ፤ ቁጥሩ ብቻ ይነገር። ቅር የሚላቸው ወላጆች እንደሚኖሩ አውቃለሁ። የትምህርት ቤቱን ስም ያጎድፋል የሚሉ ይኖራሉ። የልጄ አስተማሪ ግን ሐሳቡን ስነግራት ወዲያው ተቀበለችው። ቁጥሩን የምታዘጋጀው እሷ ናት።